የአመልካች ቤት ቁጥር

ጋሽ ቱንቢ ወረቀቱን ያዩት ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ በራቸው ላይ ለጥፎት ሄዷል፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ተመልሰው መነጽራቸውን አምጥተው ቆመው አነበቡት። አልገባቸውም። ሁለተኛ ሲያነቡት ገባቸው፤ ዳቦውንም ረሱት።

“በነዋሪዎች ጥያቄ መሠረት” ይላል ወረቀቱ፣ “በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን መተላለፊያ የዘጋው ግንብ ፈርሶ የእግረኛ መንገድ እንዲከፈት የፕላን ክፍሉ ለምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። ተቃውሞ ያለው ሐሙስ በሦስት ሰዓት በምክር ቤቱ አዳራሽ ተገኝቶ ማሰማት ይችላል።”

ግንቡ የሳቸው ነው። በገዛ እጃቸው በሦስት ቀን ያቆሙት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ግንብ ነው።

ስማቸው ሌላ ነው፤ ቱንቢ ያላቸው ሠፈሩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ነበሩ። ቱንቢ ደግሞ ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው ለማለት ነው። ቀጥ ማለታቸው አንዳንዴ ሰው ያስቸግራል ለማለትም ነው፤ ይህን ግን ፊት ለፊት ደፍሮ የሚነግራቸው የለም።

ከግንቡ ማዶ ታናሽ ወንድማቸው ይኖራል። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ጣራ ያለብሳል፣ አሸንዳ ይሠራል። ሁለቱም ያደጉት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ግቢው ለሁለት ሲከፈል፣ ሠፈርተኛው ከድሮ ጀምሮ የሚያቋርጥበት ቀጭን መንገድ በካርታው ላይ በታላቅየው ድርሻ ውስጥ ገባ። በዚህ አልተጣሉም። የተጣሉት በሌላ ነው።

እናታቸው ታማ አልጋ ላይ ሳለች ታናሽየው በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ይሠራ ነበር። ያኔ ስልክ እንደ አሁኑ በየኪሱ የለም። ቶሎ ድረስ የሚል መልእክት ተላከበት፤ አልመጣም። በተቀበረች በአምስተኛው ቀን የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ደረሰና “ማንም የነገረኝ የለም” አለ። ጋሽ ቱንቢ ግን መልእክቱ መላኩን ያውቃሉ። ውሸታም ተባባሉ፤ ከዚያም የባሰ ተባባሉ። ግቢው በተከፈለ ማግስት ጋሽ ቱንቢ ድንጋይ አስወርደው፣ ሲሚንቶ አቡክተው መተላለፊያውን ድፍን አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም “እናቱን ያልቀበረ ሰው ደጄን እንዲረግጥ አልፈልግም” ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን ከበሩ ላይ አላቅቀው ወደ ቤት ገቡና ለልጃቸው ሰጧት። ልጃቸው አስተማሪ ናት። ከአሥራ አራት ወር በፊት እናቷ ካረፈች ወዲህ እሳቸው ጋ ነው የምትኖረው። ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ስድስት መስመር ያን ያህል አያቆይም።

“ያ ቆርቆሮ ሠሪ ነው” አሉ። “ከሱ ሌላ ማን ይሆናል?”

“አባዬ፣ ዝም ብለን ብንተወውስ?”

“ምኑን?”

“መንገዱ ቢከፈት ምን ይጎዳናል?”

በማያውቁት ቋንቋ የተናገረች ይመስል አዩዋት። “ሐሙስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ” አሉ።

“ክፍል አለኝ።”

“አስፈቅጂ።”

ሐሙስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ካርታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከጣራው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፤ ንፋስ ግን የለውም። ዘጠኙ የምክር ቤት አባላት ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ አንዱ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያዳምጥ መስሎ ተኝቷል። ከሳቸው በፊት የነበረው አጀንዳ የአንድ የቆሻሻ ገንዳ ጉዳይ ሲሆን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ገንዳውን የማይፈልግ አልነበረም፤ በራሱ በር ላይ እንዲቀመጥ የሚፈልግም አልነበረም።

ወንድማቸውን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዩት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። በአንድ ግንብ ብቻ ተለያይተው ሲኖሩ ይህን አላወቁም ነበር፤ ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ።

ተራቸው ሲደርስ ተነሡና ካርታውን ከፍ አድርገው አሳዩ።

“የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህ መሬት በካርታ የኔ ነው። በነዋሪዎች ጥያቄ ይላል ወረቀታችሁ። ነዋሪዎች የምትሉት አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። እዚሁ ተቀምጧል። ወንድ ከሆነ ስሙን ደብቆ ከሚያመለክት ተነሥቶ ይናገር።”

ወንድማቸው አልተነሣም። ሰብሳቢዋ፣ ዘወትር የደከማት የምትመስል ነገር ግን ምንም የማያመልጣት ሴት፣ ወደ ፕላን ባለሙያው ዞረች።

“አመልካቹ ማነው?”

“ስልሳ ሦስት ሰው ነው የፈረመው” አለ ባለሙያው ፋይሉን እየገለጠ። “ማመልከቻውን ጽፈው ያስገቡት ግን …” ወረቀቱን አየ፣ ጋሽ ቱንቢን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። “የአመልካች ቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት።”

“ተሳስተሃል ልጄ” አሉ ጋሽ ቱንቢ። “ሁለት መቶ አሥራ አራት የኔ ቤት ነው።”

“አዎ ጋሼ።”

“እኔ አላመለከትኩም።”

“እርስዎ አይደሉም። የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አመልካቿ ባለቤትዎ ናቸው።”

ጋሽ ቱንቢ አንድ ሰው ይቀልድባቸው እንደሆነ ለማየት ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የሚስቅ የለም። ባለሙያው መጥቶ ወረቀቱን ከነፋይሉ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ጽሕፈቱ የሷ ነው። ሚስታቸው “መ”ን ስትጽፍ ሁለቱን ክቦች አታገናኛቸውም ነበር፤ የተሰበረ መነጽር ይመስላል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ወረቀቱ በተሰበረ መነጽር ተሞልቷል።

“ከኋላው መንገድ ያለ ነዋሪ” ይላል፣ “ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይዞራል። ግንቡ ሳይሠራ በፊት አራት ደቂቃ ነበር። ባለፈው ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር ዝናብ ውስጥ መንገድ ላይ ወለደች። እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ ይህንኑ መንገድ ስዞር ኖሬያለሁ፤ አሁን ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ግንቡ የቤታችን ነው። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም። እባካችሁ ክፈቱልን።”

ቅዳሜ ገበያ ነበር የምትሄደው። ዘንቢሏን ይዛ ትወጣለች፣ ዘንቢሏን ይዛ ትመለሳለች። ለምን ይህን ያህል ትቆያለሽ ሲሏት ወረፋ ነበር ትላለች። ጋሽ ቱንቢ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አንገቷን ደፍታ ወለሉን ታያለች።

“አንቺም ታውቂ ነበር?”

“ዘጠነኛ ላይ ፈርሜያለሁ አባዬ። ራሴ እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር።”

ሰብሳቢዋ የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ሰጠች። ጋሽ ቱንቢ ከአዳራሹ እንዴት እንደወጡ አያስታውሱም። ራሳቸውን ያገኙት ኮሪደሩ ላይ፣ የአሮጌ ፋይል መደርደሪያ ተደግፈው፣ ወረቀቱን እንደያዙ ነው። ወንድማቸው ከፊታቸው ቆሟል። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ይህን ያህል ሲቀራረቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ ቁጭ በል” አለ።

“አልቀመጥም። ቅዳሜ የት ነበር የምትሄደው?”

“እኛ ቤት።”

“ስንት ጊዜ?”

“አሥራ አምስት ዓመት። ግንቡ በተሠራ በስድስተኛው ዓመት መጣች። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ምን ሆንሽ ብንላት መናገር አቃታት። በኋላ ነገረችኝ።”

“ምን ብላ?”

ወንድምየው ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። “እማዬ የታመመች ጊዜ ‘አውቶቡስ ተራ ሄደሽ ለሹፌሩ መልእክት ስጪ’ ብለሃት ነበር፤ አይደል?”

“አዎ። ሰጥቻለሁ ብላኛለች።”

“አልሰጠችም።”

ጋሽ ቱንቢ በእጃቸው ያለውን ወረቀት አዩ።

“ያን ቀን ከሰዓት እማዬ ባሰባት። ጥያት አልሄድም ብላ አጠገቧ ቀረች። አንተ መጥተህ ስትጠይቃት ተልኳል አለች፤ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እልካለሁ ብላ ነው። እማዬ ደግሞ ሳይነጋ ሞተች። ከዚያ ቀብር ነው፣ ግርግር ነው። እኔ ስመጣ ተጣላን። እውነቱን ልትነግርህ ስትል አንተ ድንጋይ ታስወርድ ነበር። ፈራች። አንተ አንድ ረድፍ በጨመርክ ቁጥር አፌ ይበልጥ ታሰረ ነው ያለችኝ።”

“አንተ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“አስማለችኝ። ከኔ አፍ ነው መስማት ያለበት አለች። ዛሬ ነገ እያለች፣ በመጨረሻ መናገሩ ሲያቅታት ጊዜ ማመልከቻውን ጻፈች። ግንቡ ከፈረሰ እናገራለሁ አለች። ማዘጋጃ ቤቱን ደግሞ ታውቀዋለህ። አንድ ዓመት ፋይል ሲያዘዋውሩ አለፈባት።”

ጋሽ ቱንቢ አሁን ተቀመጡ። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሥራው ቦታ “እናቱን ያልቀበረ” እያሉ የተናገሩት ሁሉ አንድ በአንድ መጣባቸው። ያ ሁሉ ጊዜ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ እሳቸው አለመዋሸታቸውን ካወቀ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እሱም አለመዋሸቱን እሳቸው ያወቁት ግን ገና አሁን ነው።

“ስምህን አጥፍቻለሁ” አሉ።

“ሰምቻለሁ” አለ ወንድምየው። “ግንብህ ጥሩ ግንብ ነው፤ ድምፅ ግን አይከለክልም።”

ሊስቁ ነበር፤ የወጣቸው ሳቅ አልነበረም። ወንድምየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረላቸው።

ስብሰባው ሲቀጥል ሰብሳቢዋ ተቃውሞአቸውን ይቀጥሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ቱንቢ ካርታውን ወንበሩ ላይ ረስተው ተነሡ።

“አንስቻለሁ።”

“ለቃለ ጉባኤው ምክንያት መመዝገብ አለብን አባቴ።”

“ምክንያቱን ባለቤቴ ጽፋዋለች” አሉና ተቀመጡ።

ዘጠኙም እጃቸውን አወጡ፤ ተኝቶ የነበረውም ጎረቤቱ ቀስቅሶት አወጣ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀጣዩ አጀንዳ የመንገድ መብራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለጋሽ ቱንቢ ከባድ ነበሩ። የሚስታቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱት፤ ማታውኑ መልሰው ሰቀሉት፤ በማግስቱ እንደገና አወረዱት። “ሞተሽ አመለጥሽኝ” ሲሉ ልጃቸው ከጓዳ ሰማቻቸው። መቃብሯ ጋ አልሄዱም። ልጃቸውን ማነጋገር የጀመሩት በአራተኛው ቀን ነው፤ የተናገሩትም ወጡ ጨው ያንሰዋል የሚል ነበር። እሷም ይህን እንደ ይቅርታ ቆጥራ ጨውን ይዛ መጣች፤ እያለቀሰች።

“ሁሌም ይህን ያህል ትፈራኝ ነበር?” ብለው ጠየቋት።

“አንተን መፍራቷ ብቻ አይመስለኝም” አለች ልጅቱ። “ቤቱ እንዳይበተን ነበር የምትፈራው።”

ይህን ሰምተው ማንኪያውን አስቀመጡ። የዚያን ቀን ምሳቸውን አልጨረሱም።

በአሥረኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች መዶሻና ዲጂኖ ይዘው መጡ። ጋሽ ቱንቢ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥተው “ከላይ ጀምሩ፤ ከሥር ከነካችሁት ይናድባችኋል” አሉ። ሠራተኞቹ እስከ ምሳ ይጨርሱታል የተባለው ሥራ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ ያቆመውንም ግንበኛ ማንነቱን ሳያውቁ ሲረግሙት ዋሉ። ድንጋዩ ተነሥቶ ሲያልቅ በመጀመሪያ ያለፉት ሁለት ሴቶች ነበሩ። እንደዋዛ እያወሩ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ አለፉ።

በማግስቱ ወንድማቸው በዚያው በኩል መጣ። ሰላም ተባባሉ። ጎን ለጎን በተከመረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወንድምየው “ወንድም ጋሼ” አለ፣ “አንድ ነገር ልጠይቅህ። እማዬ በመጨረሻው ቀን ምን አለች? ማንም ነግሮኝ አያውቅም።”

ጋሽ ቱንቢ ደነገጡ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስላለመምጣቱ እንጂ ስላላየው ነገር አስበው አያውቁም ነበር።

“ስላንተ ጠየቀች” አሉ። “ጣራውን ጨረሰ ወይ አለች።”

“ምን አልካት?”

“ጨርሷል፣ እየመጣ ነው አልኳት። መልእክቱ የደረሰህ መስሎኝ።”

ወንድምየው ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው በብስክሌት መጥቶ ለማለፍ ደወለላቸው፤ እግራቸውን ሰበሰቡለት።

“ከዚያስ?” አለ ወንድምየው።

“ከዚያ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለች” አሉ ጋሽ ቱንቢ፣ የዚያን ቀን ነገር ከጠዋቱ አንሥተውም ይተርኩለት ጀመር።