የሳሙናዋ እመቤት

ዙለይኻ ባሏ ታጁዲን በወባ ከሞተባት ወዲህ አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ያለውን ሱቅ ብቻዋን ትይዝ ነበር። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ስለዚህ የሳሙና ኩባንያ ሠራተኛው አቶ ይልቃል ፊልም በመኪና ጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመጣና አስተርጓሚ ሲፈልግ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ መራው።

ፊልሙ ማስታወቂያ ነው። አንዲት እመቤት ሐር ለብሳ ከሰፊ ደረጃ ትወርዳለች፤ አረፋ በሞላው ገንዳ ትታጠባለች፤ ከዚያ ሱፍ ከለበሰ ጎልማሳ ጋር ትደንሳለች። ኩባንያው ብዙ ገንዘብ አፍስሶበታል፤ ደረጃው እንኳ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። አሰበ ተፈሪ ላይ ዙለይኻ የተሰጣትን ጽሑፍ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች በድምፅ ማጉያ አሰማች። ሕዝቡ አየ፤ ልብሱን አራግፎ ሄደ።

«ምን ጎደለው?» አለ ይልቃል ፊቱ ጠቁሮ።

«እኔም አላወቅኩት» አለችው።

በማግስቱ ቦርደዴ ወረዱ። ሸራው በሁለት ግራሮች መካከል ተወጠረ። ጀንበር ብትጠልቅም ምድሩ ገና ሙቀት ይተነፍስ ነበር። ዙለይኻ ከሸራው ጀርባ ተቀመጠች። መብራቱ ሲበራ የእመቤቲቱ ፊት እንደ ጨረቃ ከራስዋ በላይ ወጣ፤ ግራሮቹ፣ ሰዉ፣ ሌላው ሁሉ ጠፋ። አፏን ልትከፍት ስትል ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት ሸራው ላይ ያለችውን እመቤት በኦሮምኛ ተጣሩ።

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ዙለይኻ ጽሑፉን ተወችው። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በእመቤቲቱ ፋንታ የራሷን አባት ስም ጠርታ መለሰች።

«የከሊል ልጅ ነኝ፣ እማዬ።»

«ይህን በሚያህል ቤት ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ባልሽስ?»

«ሞተብኝ።»

«አላህ ይዘንለት!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ። ድምፁ ሸራውን ያወዛወዘው መሰላት። እመቤቲቱ ግን አረፋው ውስጥ ገብታ ፈገግ አለች።

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?» አሉ አሮጊቷ።

ዙለይኻ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች። «እሱ ከሞተ ወዲህ ለማን ብዬ እያልኩ ገላዬን ረስቼው ነበር። ዛሬ ለራሴ ታጠብኩ። ቀለለኝ።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጎልማሳው ብቅ ሲል ደግሞ፣

«ይሄስ ማነው?»

«ወንድሜ ነው!»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ፊልሙ ሲያልቅ ሴቶቹ መኪናውን ከበው «የዚያችን ልጅ ሳሙና» አሉ።

ኦሮምኛ የማይሰማው ይልቃል በደስታ ሊበር ደረሰ። ያለችውን ሁሉ አስተርጉሞ ጻፈውና በደሳ ከተማ ላይ እንድትደግመው ለመናት። ደገመችው። ቃሉ ያው ነበር፤ ግን እንደ ሰው ልብስ ሰፋት። ሕዝቡ ዝም አለ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፋ እሷም ዝም አለች። እመቤቲቱ ያለ ድምፅ ደረጃውን ወረደች። ይልቃል «ይናገሩ እንጂ!» እያለ እጁን ያወናጭፋል። የፊልሙ ማሽን ብቻ ይንሾካሾካል።

«ልጅቷ ምነው ዝም አለች?» አለ አንድ የቡና ገበሬ። «አመማት እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው» አለች ዙለይኻ።

«ከየት መጥተሽ?»

እሷም ከየት እንደመጣች ነገረቻቸው፤ ያን ማታ የነገረቻቸው የቦርደዴውን ሳይሆን ሌላ ታሪክ ነው። ይልቃል እጁን አውርዶ ከሰዉ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሲመለሱ፣ ድምፅዋን ፊልሙ ላይ ለመቅረጽ አዲስ አበባ እንድትሄድለት ጠየቃት።

«ሲጠይቁኝ እኮ ነው የምናገረው፣ አቶ ይልቃል። የተቀረጸ ድምፅ ማንን ይሰማል?»

ይልቃልም «እንግዲያው ከመኪናው ጋር ይዙሩልን» አላት።

ሱቁን ለእህቷ ለረዲያ አስረከበች። ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ሲወርዱ ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ ሻሿን ገፈፈው። አልመለሰችውም። ማታ ማን ምን እንደሚጠይቃት እያሰበች፣ ዓይኗን ጨፍና መንገዱን ሰማችው።