የአደይ ስለት

ኃይሌ ከአልጋው ራስጌ የተጠቀለለ አዲስ ጥላ አገኘና ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለበት። ሚስቱ አደይ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ይዛ ስትመለስ ከሥሩ ቆሞ ሲስቅ ደረሰች።

«ፀሐይ እንዳይመታኝ ብለሽ ነው? በዚህ ዘርፉ እኮ ቄስ አስመሰልሽኝ።»

«እጠፈው። የአንተ አይደለም፤ የማርያም ነው።»

ሳቁ ቆመ። ጥላውን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት።

ኃይሌ መርካቶ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ሁለት መስቀል ሳይመጣ ቀረ። በቡታጅራ ደግሞ ለመስቀል አገሩ ያልገባ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ሌላ ጎጆ ወጥቷል ይባላል። አደይ የሰዉ ሐሜት ሲበዛባት ማርያም ደጅ ሄዳ ተሳለች፦ በሕይወት ካመጣሽልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም በሕዝብ ፊት በገዛ አፌ እናገራለሁ አለች።

በ1963 ለመስቀል ከስቶ መጣ። ለጠየቀው ሁሉ «ድሬዳዋ ለንግድ ሄጄ ነው» አለ። እውነቱን የነገረው ለእሷ ብቻ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ወሬም ሳይልክ፣ አዲስ አበባ ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ነው የከረመው።

አሁን ኅዳር ጽዮን ደርሷል።

«ጥላውን አስገቢ» አላት። «ባሌ በሰላም ገባልኝ በይ፤ ይበቃል።»

«ከምን እንዳወጣችህ ካልተናገርኩ ምኑን ተናገርኩት?»

«ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ካንድ ጣባ ክትፎ የሚበላ ታገኛለሽ?»

«ሐኪሙ ድነሃል ብሎህ የለም እንዴ?»

«ሐኪሙ ብሏል። ሽባባው አላለም።»

ሽባባው ጎረቤታቸው ነው፤ እሱ የሰማውን ገበያው ሳይሰማ አያድርም። አደይ ያንን ሳምንት ቆጮውን ስትጋግርም፣ ገበያ ስትወርድም ነገሩ ከሐሳቧ አልወጣም። ብትናገር ባሏን ሰው ይሸሸዋል፤ ብትተው ማርያምን ዋሸቻት።

በበዓሉ ቀን ቅዳሴ ካበቃ በኋላ አባ ወልደማርያም ስለት ያለበትን ሁሉ ወደ ፊት ጠሩ። ሌሎቹ ስለታቸውን በካህኑ ጆሮ እየነገሩ አስነገሩ። አደይ ተራዋ ሲደርስ ጥላውን አስረከበችና፣

«እኔ ራሴ ልናገር ተስዬ ነው፣ አባቴ» አለች።

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

ወደ ሕዝቡ ዞረች። ስለቱ የእሷ ነበር፤ በሽታው ግን የእሱ ነው።

«ማርያም ባሌን ከሞት መልሳልኛለች» አለች። «ከምን እንደሆነ ግን ያለ እሱ ፈቃድ አልናገርም። ስለቴን ያጎደልኩ እንደሆነ እሷው ትማረኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከወንዶቹ መሐል ሽባባው ድምፁን ዝቅ አደረግሁ ብሎ፣ «እስር ቤት ነበር በለኛ። እኔ መጀመሪያም ያቺን ድሬዳዋ አልወደድኳትም» አለ።

«ምን ሰርቆ ይሆን?» አለች አንዲት ሴት።

ያን ጊዜ ኃይሌ ሰዉን እየገፋ ወጣና ሚስቱ አጠገብ ቆመ።

«አልሰረቅሁም፣ ሽባባው። ሳንባዬን ታምሜ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሆስፒታል ተኛሁ። ከጎኔ የወሊሶ ሰው ነበር፤ የምንወስደው መድኃኒት አንድ ነው፣ የምንበላው አንድ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። እሱ ለምን ሄደ፣ እኔ ለምን ቀረሁ ብትሉኝ አላውቅም። እኔ እዚያ ተኝቼ መጸለይ እንኳን ትቼ ነበር፤ እዚህ የምትጸልይልኝ እሷ ነበረች። ያዳነኝ እግዚአብሔር ነው፤ ክብሩ ለእሱ ይሁን።»

ሴቶቹ እልል አሉ። አደይ ግን እልልታው ውስጥ ሆና ከፊት የቆሙት አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲስቡ አየች። ኃይሌም አይቷል። የሚሄድበት ስለሌለ ባለበት ቆመ። አባ ወልደማርያም መስቀላቸውን አሳለሙትና፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትበላው» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ሰፍያ አጥሩ ጋ ቆማ ኃይሌን አስጠራችው። እንሴኖ ያለው ወንድሟ ሙስተፋ ከክረምት ጀምሮ ደም ያስለዋል፤ ሰው እንዳያውቅ ጓዳ ደብቀውታል።

«ያ ሆስፒታል እስላም ይቀበላል?» አለችው።

«የሚያስለውን ሁሉ ይቀበላል።»

ቅዳሜ ኃይሌ እንሴኖ ሄዶ ሙስተፋን ደግፎ አውቶቡስ ላይ አወጣውና አብረው አዲስ አበባ ሄዱ።