ሦስት ቀን ይበቃል

«ድንኳኑ ነገ አይነሳም!» አለ ባዩ ከአግዳሚው ወንበር ላይ። «ለአስረስ ሦስት ቀን? ለዚያ ሁሉ እስሩ? ቢያንስ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ከአዲስ አበባም የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ንግግር ያደርጋሉ።»

አዛለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ባሏን አስረስን ትናንት ቀብራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ድንኳኑ ዓመት ቢቆም ደስታዋ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሰው ከተበተነ በዚያ ቤት የሚቀረው የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ባዩና አስረስ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረው፣ መንግሥትን ተቃውማችኋል ተብለው በአንድ ክፍል ታስረው ነበር። ያን ሁሉ የቻለ ወዳጅነት ግን አንድ የቀበሌ ስብሰባ አፈረሰው።

በዚያ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ሸምሶ፣ ለቅሶ ከሦስት ቀን አይለፍ፣ ለለቀስተኛ በሬ አይታረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከኋላ የአስረስ እጅ ወጣ። ሸምሶ ሊቃወመው መስሎት ከወዲሁ ላቡን መጥረግ ጀመረ።

«መንግሥታችሁን አልወደውም» አለ አስረስ። «ነገም እቃወመዋለሁ። ይህን ግን እደግፋለሁ። ጎረቤቴ ማርቲ ባሏ ሲሞት ሰባት ቀን አበላችን። ስንበተን የምታልባት ላም እንኳ አልቀረቻትም። አጽናናናት ብለን በላናት!»

ሐሳቡ ጸደቀ። ባዩ አስረስን በር ላይ ጠበቀው። «ዛሬ እጅህን አወጣህላቸው፤ ነገስ ምንህን ልትሰጣቸው ነው?»

«ዘነበ ያሉት እነሱ ስለሆኑ፣ እየበሰበስኩ አልዘነበም ልበል?»

ባዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአስረስ ቤት እግሩን ሰበሰበ። አስረስ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ባዩ ይሆን?» ይል ነበር። ታሞ በተኛበት ሰሞን እንኳ ይህችን ጥያቄ አልተወም። ባዩ የመጣው ሞቱን ሲሰማ ነው፤ አሁን ያልመጣበትን ጊዜ ሁሉ በሰባት ቀን ለቅሶ ሊክስ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ሸምሶ መጣ። አስረስ ሲታሰርም ሊቀመንበሩ እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አዛለችን መንገድ ላይ ሲያይ ወደ ሌላ ጎዳና ይታጠፋል።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ አዛለች» አለና ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ድንኳኑ እስከፈለጉት ይቁም። ቀበሌው እንዳላየ ያልፋል። ጋሽ አስረስን በድለነዋል፤ ይህችን እንኳ...»

«በል፣ ዛሬስ ሰው ሆነሃል» አለ ከወንበሩ የሰማው ባዩ።

እሳትና ጭድ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። የተስማሙት ግን የሟቹን ቃል ለመሻር ነው። አዛለች አንዴ ባዩን፣ አንዴ ሸምሶን አየች። እሺ ብትል ማንም አይወቅሳትም። ገና አምስት ሌሊት ሰው አጠገቧ ያድርላታል።

«እንዲቆምማ ከሁላችሁ በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ሲወጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን ባሌ በዚህ ቃሉ ወዳጁን አጣ። እንደናፈቅኸው ሞተ፣ ባዩ። አሁን ድንኳኑን ባቆየው አንተን ያጣው በከንቱ ነበር ማለት ነው።»

ባዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እውነቱን ነበር፣ አዛሉ» አለ። «ከእነሱ አፍ ስለወጣ ነው የመረረኝ። እውነቱን ነበር።»

ሸምሶ እጅ ነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ። ባዩም እጅጌውን ሰብስቦ ከእነሱ ጋር ቆመ። አዛለች ከተቀመጠችበት ተነስታ «የመጀመሪያዋን ገመድ እኔ ልፍታ» አለቻቸው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቋጠሮው ጠብቋል። በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ሲፈታ ሸራው ወደ ጓሮው ዘመመ፤ ለቀስተኞቹ ሴቶች ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

«ይዘነዋል፣ አዛሉ» አላት ባዩ ቀስ ብሎ። «ልቀቂው።»

«እሺ» አለች።

ገመዱን ግን ሳትለቅ መዳፏ ላይ ጠመጠመችው።