ከኋላው አትምጡበት

ቢቸና ውስጥ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ከብት ጠፍቷል፣ ወይ ጠብ ተነስቷል። ስለዚህ ይታገስ የመጀመሪያ ቀን ማለዳ በቁምጣ ከቤቱ ወጥቶ ሲሮጥ፣ ጎረቤታቸው አያ ፋንታ ምንም ሳይጠይቁ ዱላቸውን አንስተው ተከተሉት። እሳቸውን ያየም ተከተለ። ወዲያው ዱላና አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ከኋላው ይግተለተል ጀመር። ይታገስ ዞር ብሎ ያን ሁሉ ባለዱላ ሲያይ የባሰ ሮጠ። እነሱም ጠላቱ ቀርቧል ማለት ነው ብለው የባሰ ሮጡ።

እናቱ አስናቀች ያን ቀን በየደጁ እየዞረች ስታስረዳ ዋለች።

“ከጤና ጣቢያ ነው ሩጥ ያሉት” አለች ለአያ ፋንታ። “ለጭንቀቱ ነው።”

“እኔማ ጠላት ገጥሞት አጋዥ ያጣ መስሎኝ ነበር” አሉ አያ ፋንታ ጉልበታቸውን እያሹ። “ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሮጠው?”

“ወደ ቤቱ።”

“ከቤቱ አይደል እንዴ የተነሳው?”

“አዎ። ዞሮ ወደ ቤቱ።”

አያ ፋንታ ብዙ አሰቡበት። “እንግዲያ ቁጭ ቢል ኖሮ ቀድሞ ይደርስ ነበር” አሉ።

ይታገስ ወታደር ነበር። ተሳፍሮበት የነበረው የጦር መኪና መንገድ ላይ ከተመታ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር አይሳፈርም። ሲቀመጥ ጀርባው ግድግዳ ካልነካ፣ ፊቱ ወደ በሩ ካልሆነ እህል አይወርድለትም። ሰርግም ተዝካርም አይሄድም። ከኋላው ኮቴ ከሰማ እንደ ፌንጣ ይዘላል። አንድ ቀን አስናቀች ሳታስበው እራት ይዛ ከኋላው ብትመጣ፣ ሽሮው ጣራ ነክቶ ተመለሰ። ምልክቱ ዛሬም አልለቀቀም።

ሩጫውን ያዘዘችው ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት የጤና ባለሙያ ናት። አስናቀች መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። “ልጄ ስንቱን ሮጦ አምልጦ መጣ! ደግሞ ሩጥ ይባላል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም?”

“እኛስ የምንፈልገው እንዲፈታለት አይደለም?” አለቻት ልጅቱ።

አስናቀች እሺ ብላ ተመለሰች። ደግሞም እውነት ለመናገር፣ ይታገስ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደው ጀምሯል። እሷ ግን እስትንፋሱን ለማዳመጥ ስትነቃ የራሷ እንቅልፍ ጠፋ።

እንዲህ እያለ ከሞጣ ስልክ ተደወለ። ባምላኩ ነው፣ በዚያው መኪና ላይ አንድ እግሩን ያጣው ጓደኛው።

“ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል። የክርስትና አባቱ አንተ ነህ። እሑድ ጠዋት አርባ ቀኑ ነው፤ አርባ ቀን ደግሞ አንተን ብሎ አይቆምም።”

አስናቀች ስልኩን ተቀብላ “ባምላኩ ልጄ፣ መኪና እኮ አይሳፈርም” አለች።

“እኔ በአንድ እግሬ የምዞርበትን አገር እሱ በሁለቱ ይምጣበት!” አለና ዘጋው።

ይታገስ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠዋት ጫማውን አሰረ። ሐሙስ ደብረ ወርቅ፣ ዓርብ ግንደወይን፣ ቅዳሜ ሞጣ። “ግን እማዬ” አለ፣ “ከኋላዬ መኪና እንዳታስከትዪ። የሞተር ድምፅ ከኋላዬ ከሰማሁ ገደልም ቢሆን እገባለሁ። ከፊቴ ሂጂ።”

እሺ አለችው። ይህን መንገድ ከመሀል ቆርጦ ከተመለሰ ዳግመኛ ከግቢው እንደማይወጣ ልቧ ያውቀዋል።

እሷ በአውቶቡስ እየቀደመች ሐሙስና ዓርብ በሰላም አለፉ። ቅዳሜ ማለዳ ግንደወይን ላይ፣ ሻይ የምታፈላ ሴት አስናቀችን አስደነገጠቻት። “በዚህ ዘመን በባዶ መንገድ የሚሮጥ ሰው? ሌባ ነው ብለው ከኋላ ቢይዙትስ?”

አስናቀች ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ወደ ሞጣ ባዶውን የሚመለስ ባጃጅ አገኘች። ሾፌሩ ሙሐመድሸሪፍ የሚባል የሞጣ ልጅ ነው።

“እማማ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት” አለ። “ይቺ ባጃጅ ዳገት ስታይ ትንሽ ታስባለች።”

“ትድረስ እንጂ ታስብ።”

ይታገስ ሳይነሳ ቀድመው ወጡ። ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ አስናቀች ባጃጇን ታስቆምና ትናገራለች። “በቁምጣ የሚሮጥ ጎልማሳ ይመጣል። ልጄ ነው። አልሰረቀም፤ ማንም አላባረረውም። ከኋላው አትምጡበት፣ ከፊት ሆናችሁ ጥሩት። አደራ! በሰማይ በምድር አደራ!”

“እማማ” አለ ሙሐመድሸሪፍ በሦስተኛው መንደር፣ “አደራዋን ትንሽ ቢቀንሷት? በኛ አገር አደራ ቀልድ አይደለም።”

“ልጅ አለህ?”

“የለኝም።”

“እንግዲያ ንዳ።”

ሞጣ መግቢያ ላይ ወርዳ መንገዱን ትቃኝ ጀመር። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ይታገስ የለም። ደውላ እንዳትጠይቅ፣ ኪስ ያከብዳል ብሎ ስልኩን የሰጠው ለእሷ ነው። ጥላ ሲዞር አላስችል አላት፤ “መልሰኝ” አለች ሙሐመድሸሪፍን።

ለሞጣ የሚቀርበው መንደር ሲደርሱ ሴቶች መንገድ ዘግተው ጠበቋት።

“እትዬ፣ የት አለ ልጅሽ? ወጡ እኮ ቀዘቀዘ!”

“የምን ወጥ?”

“አደራ አላልሽም? ዶሮ አረድን። እነዚያ የወዲያኞቹ ይዘውት ይሆናል፤ ድሮም እንግዳ መካፈል አያውቁም።”

አስናቀች ያኔ ነው የሠራችው ሥራ የገባት። ሙሐመድሸሪፍ መስታወቱን ያስተካክል ይመስል አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ።

በሚቀጥለው መንደር ከአንድ ቤት ደጅ ሰው ተኮልኩሏል። ሰገነት የምትባል ሴት ቤት ነው። አስናቀች ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ተተከለ። ይታገስ ከቤቱ መሀል መደብ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶ! ለተከፈተ በር፣ ለአንድ መንደር ሰው!

“ይህችን ብቻ፣ በሞቴ” ትላለች ሰገነት ጉርሻውን ዘርግታ።

“እኔም አልሞትኩ እንዴ?” ይላሉ ሌላ አሮጊት በግራ በኩል። “የእሷን ጎርሶ የኔን ሊተው!”

“እማማ፣ ከላይ መንደር ሁለት ቤት በልቻለሁ” ይላል ይታገስ በሞላ አፉ። “እርጎም ጠጥቻለሁ።”

“የነሱ አደራ የነሱ ነው። የኛስ?”

አስናቀች ልትጠራው አፏን ከፈተች። ከኋላው አትምጡበት ብላ ለአገር ምድሩ የለፈፈችው እሷ ናት፤ አሁን ከኋላው የቆመችውም እሷ ናት። ቤቱ ደግሞ ሌላ በር የለውም።

“እማዬ፣ ግቢ እንጂ” አለ ይታገስ ሳይዞር። “ባጃጇን ገና ከወዲያ ስትመጣ ሰምቻታለሁ።”

“ታዲያ... አልዘለልክም?”

“በምን ሆዴ? ስንት አደራ እንዳስበላሽኝ ታውቂያለሽ?”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አስናቀች ግን የሳቀችው ዓይኗን ከጠረገች በኋላ ነው።

ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች፤ ሞጣ ደግሞ ገና ነው። ይታገስ ለመሮጥ ቢሞክር ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል። ሙሐመድሸሪፍ የባጃጇን ወንበር በእጁ አራገፈለት። ይታገስ አንድ እግሩን አስገባ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አወጣው።

“ተወው ልጄ” አለች አስናቀች ቶሎ። “በእግርህ ና። አምሽተንም ቢሆን እንደርሳለን።”

እነሱ ቀስ እያሉ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ቀጠሉ። ዶሮ ያረዱት ሴቶች አልለቀቁትም፤ አንድ የዶሮ ብልት በእንጀራ ጠቅልለው አስያዙት። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ባጃጇም አሰበች። አስባ አስባ ቆመች።

ሙሐመድሸሪፍ ወርዶ ቢገፋ አልንቀሳቀስ አለች። ይታገስ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ የዶሮውን ብልት ለእናቱ አቀበለና ሁለት እጁን ባጃጇ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መኪና ወዲህ እጁ ሞተር ያለው ነገር ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነው። ገፋ። አስናቀች እንደ ሙሽራ ውስጥ ተቀምጣ በኋላው መስኮት ፊቱን ታያለች።

“እማዬ፣ ብትወርጂ እኮ ይቀለኛል!”

ልትወርድ ስትል፣ ሙሐመድሸሪፍ ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን ቢያስነሳው ባጃጇ “ጧ!” ብላ እንደ ጥይት ጮኸች።

አስናቀች ወለሉ ላይ ተደፋች። ሙሐመድሸሪፍ መሪው ሥር ተሸጎጠ። ቀና ስትል ይታገስ እንደቆመ ነው። እጆቹ ባጃጇን አልለቀቁም።

“እማዬ፣ ተነሺ” አለ። “የጭስ ማውጫዋ ነው። አይዞሽ።”

ሞጣ የደረሱት ይታገስ እየገፋ፣ ሙሐመድሸሪፍ እየመራ፣ አስናቀች ዶሮ ይዛ እየተከተለች ነው። ባምላኩ ክራንቹን ተደግፎ በር ላይ ይጠብቃል።

“የክርስትና አባት ላኩልኝ ብል ጋራዥ ላካችሁልኝ?” አለ። ከዚያ ጓደኛውን አቀፈው።

እሑድ ጠዋት ይታገስ ሕፃኑን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ከኋላው ሰው ጢም ብሏል። ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ። ሦስተኛ ሊዞር ሲል ሕፃኑ ሽንቱን ለቀቀበት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከልብሱ አልተነሳም።

ሰኞ ጫማውን ሲያስር አስናቀች ከሙሐመድሸሪፍ ባጃጅ አጠገብ ቆማ ነበር። ባጃጇ ተጠግናለች።

“እንግዲህ ልጄ፣ እኔ እንደለመድኩት ከፊትህ ልቅደም።”

ይታገስ ቀና አለ። በየመንደሩ የሚጠብቀው ወጥ ሁሉ ከፊቱ ድቅን አለበት።

“የለም እማዬ” አለ። “ከኋላዬ ነይ።”