የጥሩሸዋ ካሴት

«ጋሼ፣ ባናው እኮ ገና ውኃ ውስጥ ነው።»

ወሰንየለሽ ይህን ያለችው ንፍሮ የምታቀርብ መስላ ጎንበስ ብላ ነው። ወዳጆ ድንኳኑ ውስጥ በለቀስተኛ መሐል ተቀምጧል። የሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቱ ጥሩሸዋ ትናንት ተቀብራለች።

«የትኛው ባና?» አለ። ያውቀዋል።

«ጥቁሩ። ማክሰኞ እሷ እንደ ዘፈዘፈችው ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መሽተት ጀምሯል። ከነገ ካለፈ ጠጉሩ ይቋጠራል። ከዚያ ወዲያ ቢረግጡትም አይያያዝም።»

ጥሩሸዋ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ወዳጆ ከእሱ የሚለበሰውን ባና ይሸምናል። የተሸመነው በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፍና ጠጉሩ እርስ በርሱ እስኪጣበቅ በእግር ይረገጣል። ሳይረገጥ የቀረ ባና ወንፊት ነው፤ ብርድም ዝናብም ያሳልፋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ሁሉ ሞላሌና መሐል ሜዳ ገበያ ወጥቶ የሰው ትከሻ ላይ ቀርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ጥሩሸዋ የጥቁር በግ ጠጉር ለይታ ማስቀመጥ ጀመረች። «ይቺን አንሸጣትም» አለች። «እኔና አንተ ነን የምንለብሳት።» ወዳጆ ሰኞ ሸምኖ ጨረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሙቁን ውኃ ገለበጠችበትና «ትንሽ ልረፍ» ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አልተነሣችም።

«ርገጡት» አለ ወዳጆ።

«የምንረግጠው በካሴቱ ዘፈን ነው፤ በለቅሶ ቤት ካሴት እንዴት ይከፈታል?»

«ያለ ካሴት ርገጡት።»

ወሰንየለሽና ከጥሩሸዋ ጋር ባና ይረግጡ የነበሩ ሦስት ሴቶች ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ዝርግ ድንጋይ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የሚወድቅ ሰው ድምፅ ተሰማ። አንዷ ሳቀችና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ለቀስተኞቹ ዞር ዞር አሉ። ወሰንየለሽ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ተመለሰች።

«አልሆነም ጋሼ። እግራችን ተጣላ።»

ካሴቱን ያመጣው የጥሩሸዋ ታናሽ ወንድም አፈወርቅ ነው። በልጅነቱ መንግሥት ለትምህርት ኩባ ልኮት ነበር። ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሆነ። ለእህቱ አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ሰጣት። በካሴቱ ሽፋን ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወዳጆ የሴትዮዋን ፊት ወደ ግድግዳ አዞረው። ጥሩሸዋ መልሳ አዞረችው። ሳምንት ሙሉ ሲያዞሩና ሲመልሱ ከረሙ፤ በመጨረሻ ወዳጆ ተወው።

«ምን ትላለች?» ብላ ጥሩሸዋ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ቋንቋው እስፓኒሽ ነው። መጀመሪያው ላይ አትሂድብኝ ትላለች። ሁለተኛው ላይ ሂድልኝ ትላለች።»

«ትቁረጥ እንጂ ሴትዮዋ!»

ዳግመኛ አልጠየቀችም። እየሰማች ፈተለች። አንድ ቀን ቴፑን ይዛ ወደ ድንጋዩ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ባና የሚረገጠው እየተቆጠረ ነበር። አንዷ ስትደክም ሁሉም ይዘገዩና ባናው አንዱ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል። ዘፋኟ ግን አትደክምም። የመጀመሪያው ዘፈን ዝግ ያለ ነው፤ ውኃው ገና ሲያቃጥል ለመርገጥ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ይፈጥናል። አምስተኛው ላይ እግር ከድንጋዩ ጋር አይቆይም። «ይቺ ሴት ይህን ስትዘፍን ባና እያሰበች ነው» ትል ነበር ጥሩሸዋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሞላሌ ገበያተኛ «የጥሩሸዋን አምጣ» ማለት ጀመረ። የሴቶቹም እግር መቁጠር ረሳ።

ወዳጆ ይህን ሁሉ ሲያስብ ቆይቶ ተነሣና የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ወደ ተቀመጡበት ሄደ።

«አባ፣ ነገ ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ እዚህ ቤት ዘፈን ይሰማል። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው።»

«የምን ዘፈን?»

«የእሷ።»

«ያ የኩባው?»

«አዎ።»

የጥሩሸዋ አክስት እማማ ጌታነሽ ከሴቶቹ በኩል ቀና አሉ።

«ምን አልክ አንተ? የልጄ አፈር ሳይደርቅ ልታስጨፍርባት ነው?»

«ባና ላስረግጥ ነው።»

«ባናው ይቅር! ባና ሞልቷል!»

«ይቺ አንዲት ናት» አለ ወዳጆ። «ይቺ ከተበላሸች ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራችን የእኛ የምለው የለኝም።»

እማማ ጌታነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አባ ገብረ አማኑኤል ወደ አፈወርቅ ዞሩ።

«ምንድን ነው የሚለው ዘፈኑ?»

አፈወርቅ አንገቱን ደፋ። «ስለ ፍቅር ነው አባ።»

«ክፉ ቃል አለበት?»

«የለበትም። ትንሽ መለማመጥ አለበት።»

አባ የለበሱትን ባና ጫፍ በጣታቸው አሹት። «ይህን የፈተለችው እሷ ናት» አሉ። «አልፈቅድም ወዳጆ። አልከለክልምም። ነገ ጸሎቱን ስጨርስ ግን ወደ ቤቴ አልሄድም፤ እቀመጣለሁ።»

ዓርብ ጸሎቱ አለቀ። አባ ገብረ አማኑኤል በርጩማቸውን አስይዘው ወደ ጓሮ ሄዱና ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ። ይህን ሲያይ ከድንኳኑ ያልተነሣ ሰው አልነበረም።

ሴቶቹ አዲስ ሙቅ ውኃ አፈሰሱ። ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። አፈወርቅ ቴፑን ከፈተ፤ የዘፋኟ ድምፅ ከመንደራቸው ከቀየት ሜዳ በላይ ወጣ።

መጀመሪያ እግራቸው ፈራ። ዳር ላይ ሆና ትመራቸው የነበረችው ጥሩሸዋ ናት፤ ያ ዳር ክፍት ሆኖ ሰልፉ ወደዚያ ያዘነብላል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሊወድቁ ደረሱ።

«ወሰንየለሽ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እማማ ጌታነሽ ናቸው። «ግራሽን! ግራሽን እኮ ነው የምትረሺው! ጥሩሸዋ ብታይሽ ዳግም ትሞት ነበር!»

«እርስዎ ደግሞ ከየት ያውቁታል?»

«ሁለት ዓመት በአጥር ሳይ የከረምኩት ምን መሰለሽ?»

እማማ ጌታነሽ ጫማቸውን ወዲያ ጣሉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ክፍቱ ዳር ላይ ቆሙ። ሰልፉ ቀና አለ። ሦስተኛውን ሲረግጡ ድንጋዩ እንደ ከበሮ መለሰላቸው። አራተኛው ላይ ግማሹ ሕዝብ ያለቅሳል፤ ግማሹ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ሁለቱንም የሚያደርግ አለ። እማማ ጌታነሽ እንባቸው እየወረደ «ጠበቅ! ጠበቅ!» ይላሉ። አባ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። እግራቸው ግን ከቀሚሳቸው ሥር ዝም አላለም።

አምስተኛው አለቀ። ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ወሰንየለሽ ባናው ላይ አጎንብሳ አንድ ጭልፋ ውኃ አፈሰሰችበት። ውኃው አልሰረገም። እንደ ዶቃ ተንከባሎ በዳር ወረደ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ዝም ያሰኛት ሰው የለም።

«ገና ግማሹ ነው» አለች ወሰንየለሽ እየተነፈሰች። «ሌላው ፊት ይቀራል።»

አምስቱ ሴቶች ባናውን ገለበጡትና መልሰው ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። ጠበቁ። አፈወርቅ ቴፑ አጠገብ ቆሟል፤ እጁን ግን አላነሣም። ባናው ሲገለበጥ ካሴቱን የምትገለብጠው ሁልጊዜ ጥሩሸዋ ነበረች። ማንም ወደ ቴፑ አልተጠጋም።

ወዳጆ ተነሣ። መዳፉን በጋቢው ጠረገ። ካሴቱን አውጥቶ ገለበጠው፤ ትክክል መግባቱን አየና ቁልፉን ተጫነው።