ሳክስፎኑ ዝም ያለ ጊዜ

«ንቆሽ ነው አልኩሽ፤ ንቆሽ ነው!»

የፒያኒስቷ ታላቅ እህት ይህን ማለት የጀመረችው ከኮንሰርቱ ማግስት ነው፤ እንደ ጸሎት ሳትደግመው የዋለችበት ቀን የለም። ዛሬም ፒያኒስቷ ጫማዋን ስታስር በሩን ተደግፋ ቀጠለች።

«ሰው ፊት፣ በሙዚቃው መሀል፣ ሳክስፎኑን ካፉ ነቅሎ ሜዳ ላይ ጣለሽ። አዳራሹ በሙሉ የሚያወራው ይኼንኑ ነው።»

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ባልኖርስ! ጆሮ አለኝ።»

«አፍም አለሽ፤» ብላት ወጣች።

መልሱ ስለታም ይሁን እንጂ ወሬውን አምናዋለች። «ረጅሙ» የሚሉት ሳክስፎኒስት ከልጅነቷ ጀምሮ ጃዝ ያስለመዳት፣ መድረክ ላይ ያወጣት ሰው ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ደጋግሞ ደወለላት፤ አላነሳችም። ይለምነኝ ብላ ጠበቀች። ስልኩ መጥራት ሲያቆም ደግሞ ይባሱን ተናደደች። መሞቱን ከሰው አፍ ሰማች። ቀብሩ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆማ፣ አፈሩ ሳይደላደል ሄደች።

አሁን የዚያ ምሽት ቅጂ አልበም ሆኖ ሊወጣ ነው። ዛሬ ቅጂው የሚስተካከልበት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከሁለቱ ተጫዋቾች የቀረችው እሷ ስለሆነች ውሳኔው የእሷ ነው።

ስቱዲዮው ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀበላት።

«ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ እሱ ዝም ካለበት እስኪመለስ ድረስ ያለውን ቁረጠው፤» አለችው ሳትቀመጥ። «ብቻዬን የተንከራተትኩበትን ሰው ገዝቶ እንዲስቅብኝ አልፈልግም።»

«እህቴ፣ የአልበሙ ምርጥ ቦታ እኮ እሱ ነው።»

«አስተያየት ጠየቅኩህ?»

«እሺ፣ መጀመሪያ አፌን እቆርጣለሁ፣ ከዚያ እሱን።» ብቻውን ሳቀ። «ግን አንዴ ስሚልኝ። ጋሼ መጫወት ሲያቆም ማይኩን መዝጋት ነበረብኝ፤ እኔ ሞኙ አንቺን ስሰማ ረሳሁት። ትናንት የሁለታችሁን ድምፅ ሳለያይ ነው ያገኘሁት።»

ማዳመጫውን ሰጣት። የራሷ ፒያኖ እንደ ጎረቤት ቤት ሙዚቃ ከሩቅ ይሰማል። በቅርብ ግን ሌላ ነገር አለ፦ እያፏጨ የሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ ክንድ ውስጥ የታፈነ ሳል፣ እንደገና ሳል። ከዚያ፣ ያን ምሽት ፒያኖው ሸፍኖባት ያልሰማችው ሹክሹክታ።

«አይዞሽ ልጄ... ትንፋሽ አጠረኝ... አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።»

ደርሶባታልም። መጨረሻው ላይ በአንዲት ዝቅ ያለች፣ ረጅም ድምፅ ገባ። ያን ጊዜ በዚያች ድምፅ ተናድዳ ነበር፤ አሾፈብኝ ብላ።

ማዳመጫውን አወለቀች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እህቷ ናት። በግንባሩ ደፋችው።

«ልቁረጠው?» አለ ባለሙያው።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«አትንካው። የእሱንም ማይክ ክፈተው።»

«ሳሉ ይሰማል እኮ።»

«ይሰማ፤» አለችና ማዳመጫውን መልሳ አጠለቀች።