ላብ የጠጣች ቢራቢሮ

ለሰሚው ሁሉ ይድረስ! ባለፈው እሑድ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተኩል፣ አንዲት ቡናማ ቢራቢሮ በአንድ የተባይ መድኃኒት ረጪ አንገት ላይ አርፋለች። ረጪው ለሃያ ሁለት ዓመት ዘመዶቿን ሲፈጅ የኖረ ነው። እስካሁን የተጎዳ የለም።

ወደ ቢራቢሮው መናፈሻ የጎተተችው የአሥር ዓመት ልጁ ናት። «ሽታው ይፈጃቸዋል» ብላ የሥራ ልብሱን አስወልቃ የአጎቷን ሰፊ ሸሚዝ አልብሳዋለች። እሱ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ዱቄት ፋብሪካ ገብቶ እንዲረጭ ታዟል። በማርፈዱ ሁለት ማስጠንቀቂያ በልቷል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው።

ቢራቢሮዎቹ የሚኖሩበት የመስታወት ቤት ይወብቃል። ረጪው ዐይኑ በድካም እየተከደነ፣ ከልማድ የተነሳ የግድግዳውን ስንጥቅ ይፈትሽ ነበር። ልጁ ከቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ሙሽሬ፣ ትል የተሸፈነችበትን ቅርፊት፣ አሳየችው።

«አባዬ፣ ትሏ ክንፍ የምታወጣው እዚህ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ ነው።»

«ተኝታ?»

«አዎ።»

«ታድላ!»

መውጫው ላይ ጠባቂዋ ቢራቢሮ ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር ጎብኚውን አንድ በአንድ እያዞረች ታያለች።

«ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ! አንገትዎ ላይ አለች።»

«አራግፊልኝ እህቴ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ክንፏ ይሰበራል። ራሷ እስክትነሳ ነው የሚጠበቀው።»

«ምን ታደርጋለች እኔ ላይ?»

«ላብዎን እየጠጣች ነው። ጨዉን ይወዱታል።»

«እኔ እኮ ላቤን የሚጠጣው አለቃዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

እጁ እንደለመደው ተነሳ። አንድ ጥፊ ይበቃ ነበር። በመውጫው መስታወት ውስጥ ግን አያት፤ እንደ ክር የቀጠነች ምላሷን ቆዳው ላይ ዘርግታ፣ ክንፏን ቀስ ብላ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ብዙ መንገድ መጥታ ገና አሁን የተቀመጠች ትመስላለች። እጁን መለሰ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አላነሳውም። እንደገና ጮኸ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቁም፣ አትንቀሳቀስ» ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቢራቢሮዋ የተነሳችው ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አባትና ልጅ ፋብሪካው በር ሲደርሱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አለቃው ሦስተኛውን ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ይኸው፣ ‹ምክንያት› የሚል መስመር አለው። ሰው ሞቶብህም ከሆነ ተናገር፣ እቀደዋለሁ።»

ልጁ እጅጌውን ጎተተችው። «አባዬ፣ ንገረው እንጂ!»

ረጪው አንገቱን ዳሰሰ።

«አልናገርም» አለ። «ያቺ ግማሽ ሰዓት የራሴ ናት። ባዶውን ተወው።»